ከሌሊቱ 9 ሰዓት ምስሉን ማን ያነባል? የራዲዮሎጂ ሬዚደንሲ ምርጫ በአሜሪካ

በየዓመቱ የካቲት ሲጋመስ በአሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ የሐበሻ ቤተሰቦች አንድ ዝርዝር ከብበው ይቀመጣሉ። በዝርዝሩ ላይ ሐኪም ልጃቸው ለራዲዮሎጂ ሬዚደንሲ፣ ማለትም የራጅና የስካን ምስል አንባቢ ለሚያደርገው የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ቃለ መጠይቅ ያደረገችባቸው ሆስፒታሎች ሰፍረዋል፤ እሷም በምርጫዋ ቅደም ተከተል ደርድራ ታስገባቸዋለች። የመጀመሪያው ማን ይሁን? እናት ዘመድ አዝማድ ሁሉ የሚያውቀውን ዩኒቨርሲቲ ትጠቁማለች። አባት ለቤት የሚቀርበውን ይመርጣል። የልጅቱ ልብ የቀረው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ስሙን ብዙ ሰው ሰምቶት በማያውቅ ከተማ ውስጥ ባለ መካከለኛ ሆስፒታል። እዚያ ያነጋገረቻቸው ሬዚደንቶች ሥራቸውን ጠንቅቀው ያውቁታል፣ በራሳቸውም ይተማመናሉ። ይሁን እንጂ “የማኅበረሰብ ሆስፒታል” ተብሎ መጠራቱ አስፈርቷታል። ከዩኒቨርሲቲ ያነሰ ቢሆንስ? በኋላ በር ቢዘጋባትስ?

ይህ ጭንቀት እውነተኛ ነው፤ የአምስት ዓመት ሕይወት ጉዳይ ነውና። እኔ ግን በራዲዮሎጂ ሥልጠና ላይ ከሆስፒታሉ ስም በፊት የሚመጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ እላለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድንገተኛ ክፍል የገባውን በሽተኛ ሲቲ ስካን መጀመሪያ የሚያነበው ማን ነው? ጠዋት ላይ ያንን ንባብ ከሬዚደንቷ ጋር ተቀምጦ የሚያርመውስ ማን ነው? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ያለው ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲም ይሁን የማኅበረሰብ ሆስፒታል ጥሩ ራዲዮሎጂስት ያወጣል።

ለምን እንደዚህ እንደምል ለማስረዳት መጀመሪያ መንገዱን ባጭሩ ላሳይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ የራዲዮሎጂ ሬዚደንሲ 5 ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያው ዓመት በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና ወይም የተለያዩ ክፍሎችን በማዞር በሽተኛ እያከሙ የሚያሳልፉት ነው። ቀሪዎቹ 4 ዓመታት ራዲዮሎጂ ናቸው። አንዳንዱ ፕሮግራም አምስቱንም ዓመት አንድ ላይ ይሰጣል፤ ሌላው አራቱን ብቻ ሰጥቶ የመጀመሪያውን ዓመት አመልካቹ ለብቻው እንዲፈልግ ይተዋል። 36 ወር ራዲዮሎጂ ከተማሩ በኋላ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ቦርድ “ኮር” የሚባለውን ፈተና ይሰጣል፤ ከ2013 ጀምሮ ያለው ይህ ፈተና ፊዚክስን ጨምሮ ሁሉንም የሙያውን ክፍል ይነካል። ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ሁለተኛው ፈተና ይመጣል፤ እሱም ከ2028 ጀምሮ እንደገና የቃል ፈተና ይሆናል። ፕሮግራሞቹን የሚመዝነውና ዕውቅና የሚሰጠው አካል አንድ ነው፣ ፈተናውም አንድ ነው። ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የተማረችውም፣ የከተማ ሆስፒታል የተማረችውም የሚይዙት የቦርድ ምስክር ወረቀት አንድ ዓይነት ነው።

ታዲያ ልዩነቱ የት ነው?

የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም የሚባለው የአንድ ሕክምና ትምህርት ቤት ዋና ሆስፒታል ውስጥ ያለው ነው። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ማሊንክሮት ኢንስቲትዩት፣ በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ፣ በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል የዚህ ዓይነት ናቸው። እዚያ ያሉት ሲኒየር ሐኪሞች አብዛኞቹ በአንድ የአካል ክፍል ላይ ብቻ ይሠራሉ፤ አንዱ ቀኑን ሙሉ አንጎል ያነባል፣ ሌላዋ አጥንትና መገጣጠሚያ፣ ሌላው የሕፃናት ምስል ብቻ። ማስተማርና ምርምር የሥራቸው አካል ነው። የማኅበረሰብ ሆስፒታል ደግሞ በዋናነት የአካባቢውን ሕዝብ ለማከም የቆመ ነው። በሲያትል ቨርጂኒያ ሜሰን፣ በካሊፎርኒያ የሳንታ ባርባራ ኮቴጅ ሆስፒታል የረጅም ጊዜ የራዲዮሎጂ ሥልጠና ካላቸው መካከል ናቸው። በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ራዲዮሎጂስቶቹ ብዙ ጊዜ ከሆስፒታሉ ጋር ውል ያለው የግል የሐኪሞች ቡድን አባላት ናቸው፤ አለዚያም የሆስፒታሉ ተቀጣሪዎች ናቸው። አንዱ ሐኪም በአንድ ቀን ውስጥ የሳንባ ራጅ፣ የሆድ ሲቲ፣ የጉልበት ኤምአርአይና የነፍሰ ጡር አልትራሳውንድ ሊያነብ ይችላል።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሰፊ መስክ አለ፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚገኙትም እዚያ ነው። በካምብሪጅ የሚገኘው ማውንት ኦበርን የአካባቢ ሆስፒታል ሆኖ ከሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር የተሳሰረ ነው። በሚሺጋን ሮያል ኦክ ያለው ቦሞንት ለረጅም ዘመን የማኅበረሰብ ሆስፒታል እየተባለ ሲጠራ የኖረ ትልቅ ሆስፒታል ነው፤ ዛሬ በስሙ ውስጥ “ዩኒቨርሲቲ” የሚለው ቃል ገብቷል። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ “ከዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰረ” የሚል ሐረግ ስታዩ ትስስሩ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። ሬዚደንቶቹ ወደዚያ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ይሠራሉ? አስተማሪዎቹ ይመጣሉ? ወይስ በወረቀት ላይ ያለ ግንኙነት ብቻ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ወደ ንባብ ክፍሉ።

ጨለም ያለ ክፍል ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የሚነበቡ ምስሎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሬዚደንቷ አንዱን ትከፍታለች፤ ታያለች፤ ያየችውን በድምፅ መቅጃው ትናገራለች፤ ንግግሯ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል። ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ነው። ከዚያ ሲኒየሩ አጠገቧ ተቀምጦ ያንኑ ምስል ያያል። “ይህን ጉበት እንዴት አየሽው? ከጀርባው ያለውንስ?” ይላታል። ያርማል፣ ያስረዳል፣ ይፈርማል። የራዲዮሎጂ ትምህርት እምብርቱ ይህች ቅጽበት ናት። መጽሐፍም ሌክቸርም ያስፈልጋሉ። ዓይን የሚሠለጥነው ግን ሰው ራሱ አስቀድሞ ሲፈርድና ከዚያ በኋላ ሲታረም ነው። ሳይፈርድ የታረመ ሰው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ፈርዶ ያልታረመ ደግሞ ስሕተቱን ይለማመዳል።

ይህ ሰንሰለት በዩኒቨርሲቲ የሚበጠስበት ቦታ አለ፤ በማኅበረሰብ ሆስፒታልም እንዲሁ የራሱ ቦታ አለው። ቦታዎቹ ግን ይለያያሉ፤ ምርጫውን የሚያከብደውም ይህ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በሬዚደንቷና በሲኒየሩ መካከል ሌላ ሰው አለ፤ ሬዚደንሲውን ጨርሶ በአንድ ንዑስ ዘርፍ ላይ አንድ ዓመት የሚጨምረው የፌሎውሺፕ ሐኪም። አስቸጋሪውን የአንጎል ኤምአርአይ እሱ ይወስደዋል፤ ከጉበት ናሙና ለመውሰድ መርፌውን የሚይዘውም እሱ ነው። ለሬዚደንቷ የሚተርፈው ቀለል ያለው ይሆናል። ይህ ሁልጊዜ ጉዳት ነው ማለቴ አይደለም። ጥሩ ፌሎው ከማንም የበለጠ አስተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ሬዚደንቷ ዛሬ የምትሳሳተውን እሱ አምና ተሳስቶታልና። ነገር ግን ፌሎው በበዛበት ክፍል ውስጥ ለአራት ዓመት ከትከሻ በላይ እያየች ያሳለፈች ሬዚደንት ሊኖር ይችላል፤ ይህ መጠየቅ አለበት።

በማኅበረሰብ ሆስፒታል ፌሎው የለም ወይም ጥቂት ነው። ከሳንባ ዙሪያ ውኃ ማውጣት፣ መግል ማፍሰስ፣ ከጡት ናሙና መውሰድ፣ ከአከርካሪ ፈሳሽ መቅዳት የሬዚደንቷ የራሷ እጅ ሥራ ነው። ከአንድ ሲኒየር ጋር ፊት ለፊት ትሠራለች። እዚህ ያለው አደጋ ከሌላ በኩል ይመጣል። ሲኒየሩ የግል ቡድን አባል ከሆነ ገቢው ከሚያነበው ምስል ብዛት ጋር ይያያዛል። ሰልፉ ረጅም ነው። እያንዳንዱን ምስል ከሬዚደንቷ ጋር ተቀምጦ ማየት ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ አንዳንዱ ሪፖርቷን በራሱ ኮምፒውተር ላይ አርሞ ይፈርምና ዝም ይላል፤ ምን እንደተሳሳተች የምታውቀው በኋላ ራሷ ተመልሳ ብታየው ነው። በሌላው የማኅበረሰብ ሆስፒታል ግን ሲኒየሮቹ ሬዚደንት ማስተማርን የሚወዱ፣ በፍላጎታቸው እዚያ የቀሩ ሰዎች ናቸው፤ ጥበቡንም ፍጥነቱንም አብረው ያወርሷታል። ሁለቱም ቦታዎች በድረ ገጻቸው ላይ የሚጽፉት ተመሳሳይ ነገር ስለሆነ በማንበብ አይለዩም።

ከዚህ በኋላ ሌሊቱ ይመጣል።

ዕውቅና ሰጪው አካል ባወጣው ደንብ መሠረት ሬዚደንት ቢያንስ 12 ወር ራዲዮሎጂ ሳትማር ለብቻዋ የሌሊት ተረኛ ልትሆን አትችልም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንደ ሆስፒታሉ ይለያያል። አንዳንድ ቦታ ሬዚደንቷ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ታነባለች፤ ሲኒየሩ ጠዋት መጥቶ ይገመግማል፤ ከባድ ነገር ሲገጥማት ደውላ ትቀሰቅሰዋለች። የመኪና አደጋ ይመጣል። ድንገት ግማሽ አካሉ የከዳው ሰው ይመጣል፤ ለስትሮክ የሚሰጠው መድኃኒት በሰዓታት የተገደበ በመሆኑ ሐኪሞቹ መልሷን ይጠብቃሉ። የቀዶ ሐኪሙ ከጀርባዋ ቆሞ “ትርፍ አንጀቱ ነው አይደለም?” ይላታል። ያን ጊዜ “ሊሆንም ላይሆንም ይችላል” የሚል መልስ ማንንም አይረዳም። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሬዚደንት በጥቂት ወራት ውስጥ ትለወጣለች። ይህን የሚያውቁ ሐኪሞች ስለ ሥልጠናቸው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሱት እነዚያን ሌሊቶች ነው።

በሌሎች ሆስፒታሎች፣ በተለይ በትልልቆቹ፣ ሲኒየር ሐኪም 24 ሰዓት እዚያው አለ። ለበሽተኛው ይህ መልካም ነው፤ ይህንንም ለመቃወም አልደፍርም። ለትምህርቱም መልካም ሊሆን ይችላል፤ ስሕተቷ እስከ ጠዋት ሳይቆይ እዚያው ይታረማልና። ቁም ነገሩ ተራው ነው። ሬዚደንቷ መጀመሪያ አንብባ ፈርዳ ከዚያ ሲኒየሩ ካየው ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ሲኒየሩ ለፍጥነት ሲል ቀድሞ አንብቦ ከጨረሰ ግን ሌሊቱ ከሥልጠናዋ ውስጥ ወጥቷል። በአንዳንድ የማኅበረሰብ ሆስፒታሎች ደግሞ የሌሊቱ ምስል በውል ሩቅ ላሉ ራዲዮሎጂስቶች በኢንተርኔት ይላካል። ሬዚደንቷ በሰላም ትተኛለች፤ ለጊዜው ደስ ይላል። ሬዚደንሲውን ጨርሳ ብቻዋን ስትቆም ግን ያ እንቅልፍ ይቆጫታል።

በሽታውም ራሱ ይለያያል። ወደ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሌላው ያልቻለው ይላካል፦ የጉበት ንቅለ ተከላ፣ ብርቅ የሆነ የሕፃናት ዕጢ፣ ሦስት ቦታ ታይቶ ያልታወቀ ሕመም። አንድ ሐኪም በሕይወት ዘመኑ አንዴ የሚያየውን በሽታ እዚያ ያለች ሬዚደንት በዓመት ብዙ ጊዜ ልታየው ትችላለች፤ ያውም ስለዚያ በሽታ መጽሐፍ የጻፈ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ። ይህ በምንም የማይተካ ሀብት ነው። በማኅበረሰብ ሆስፒታል የሚበዛው የሐሞት ጠጠር፣ የሳንባ ምች፣ የዳሌ ስብራት፣ የጡት ምርመራ ነው። ይህም ሀብት ነው። ከሬዚደንሲ በኋላ የአብዛኛው ራዲዮሎጂስት ኑሮ እነዚህን በብዛት፣ በፍጥነትና ያለ ስሕተት ማንበብ ነው፤ መካከላቸው የተደበቀችውን አንዲት ካንሰር የሚያይ ዓይንም የሚሠለጥነው ሺህ ጊዜ ጤነኛውን በማየት ነው።

ማኅበረሰብ ሆስፒታል ማለት ቀላል ኑሮ ነው የሚሉም አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ሬዚደንቶቹ ጥቂት በሆኑበት ቦታ ተረኝነቱ ቶሎ ቶሎ ይመለሳል። አንዷ ስትወልድ ወይም ስትታመም ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል። በሳምንት በአማካይ ከ80 ሰዓት በላይ መሥራት የሚከለክለው ደንብ ለሁሉም ይሠራል፤ በ80 ሰዓት ውስጥ ያለው ድካም ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ደመወዙ የሚወሰነው በሥልጠናው ዓመት ነው፤ ስለዚህ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው የከተማው የቤት ኪራይ ነው።

አንዳንድ መስፈርቶች ደግሞ ማንም የማያመልጣቸው ናቸው። ማሞግራም (የጡት ራጅ) ለማንበብ የሚፈልግ ሐኪም በፌዴራል ደንብ መሠረት በ6 ወር ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 240 ማሞግራም በቁጥጥር ሥር ማንበብ አለበት። ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት ለመጠቀም የሚያስችለው መንገድ 700 ሰዓት ትምህርትና ልምምድ ይጠይቃል። ትንሽ ሆስፒታል እነዚህን ሁሉ በግቢው ውስጥ ማሟላት ላይችል ይችላል፤ በተለይ የሕፃናት ራዲዮሎጂን። ያን ጊዜ ሬዚደንቶቹን ለወራት ወደ ሌላ ሆስፒታል ይልካል። ስለዚህ “ታሟላላችሁ ወይ?” ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ ማሟላት ግዴታቸው ነውና። “የት ሄደን ነው የምናሟላው? ስንት ሰዓት መንዳት ነው? ማደሪያውን ማን ይከፍላል?” ብላችሁ ጠይቁ።

በዚሁ አጋጣሚ ለዋሽንግተን አካባቢ ሐበሾች ቅርብ የሆነ ነገር ላንሳ። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ የሚያካሂደው፣ ምስልን ከፓቶሎጂ (በላቦራቶሪ ከሚታየው የበሽታ ናሙና) ጋር የሚያያይዝ የ4 ሳምንት ኮርስ አለ። የጦር ኃይሎች የፓቶሎጂ ተቋም በ2011 ሲዘጋ ቦታውን የተካ ነው፤ መሠረቱም ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሀገራችን ሰው በብዛት በሚኖርባት በዚያች ከተማ ከየአገሩ የመጡ ሬዚደንቶች ለዓመታት ተሰብስበው ተምረውበታል፤ በኋላም በኢንተርኔት ይሰጥ ጀመር። ከትንሽ ፕሮግራም የመጣችው ከትልቁ ከመጣችው ጋር አንድ ዓይነት ብርቅ በሽታ ታያለች። ፕሮግራሙ የዚህን ኮርስ ወጪ ይሸፍን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ቃል ፈተናውም አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ለብዙ ዓመታት ይህ ፈተና በኬንታኪ ሉዊቪል ከተማ ሆቴል ውስጥ ይሰጥ ነበር፤ እጩው ከፈታኝ ወደ ፈታኝ እየዞረ ያየውን በአፉ ያስረዳ ነበር። አሁን ያ ዓይነት ፈተና እየተመለሰ ስለሆነ፣ ሬዚደንት በባልደረቦቿ ፊት ቆማ የማታውቀውን ምስል ጮክ ብላ እንድታነብ የሚያደርግ የምሳ ሰዓት ጉባኤ ያለበት ፕሮግራም ዋጋው ጨምሯል። በዩኒቨርሲቲዎች ይህ ልማድ የተለመደ ነው፤ በማኅበረሰብ ሆስፒታሎች አንዳንዱ አጥብቆ ይዞታል፣ አንዳንዱ ሥራ በዛ ብሎ ትቶታል። በሳምንት ስንት ጊዜ ነው? ሬዚደንቶቹ በዚያ ሰዓት ከሥራ ነፃ ናቸው ወይስ ስልክ እየጠራ ይቋረጣል?

በኋላ በር ይዘጋብኛል ወይ ለሚለው ፍርሃት መልሴ በፈለግሽው በር ይወሰናል የሚል ነው። አብዛኛው የራዲዮሎጂ ሬዚደንት ፌሎውሺፕ ይሠራል። ጠንካራ ከሆነ የማኅበረሰብ ፕሮግራም ወጥተው በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ፌሎውሺፕ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ያለፉት ዓመታት ምሩቃን የት እንደገቡ የሚያሳየው ዝርዝር ለዚህ ማስረጃ ነው። ከዚያ በኋላ በግል ቡድን ወይም በከተማ ሆስፒታል ለመሥራት የምታስብ ሰው ስለ ሬዚደንሲዋ ስም ብዙ አትጨነቅ። ተመራማሪና የዩኒቨርሲቲ መምህር መሆን የምትፈልገው ግን ዩኒቨርሲቲውን ትምረጥ ብዬ ያለማመንታት እመክራለሁ። የምርምር አማካሪ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ የተጠበቀ የምርምር ጊዜ፣ በሙያው ውስጥ የሚታወቅ ሰው የጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ፦ እነዚህን በማኅበረሰብ ሆስፒታል ከባዶ መገንባት እጅግ አድካሚ ነው። በምስል እየተመሩ በደም ሥር ውስጥ የሚሠራውን ሕክምና፣ ኢንተርቬንሽናል ራዲዮሎጂን፣ የምትፈልገውም ለብቻው የሚመረጥ የ6 ዓመት መንገድ እንዳለ ትወቅ። በመደበኛው ሬዚደንሲ ገብታም ቅድመ ልዩ ሥልጠናውን (ሬዚደንሲው ሳያልቅ ኢንተርቬንሽናሉን መጀመር) የሚሰጥ ፕሮግራም ካገኘች፣ በኋላ የሚጨመረው ከሁለት ዓመት ወደ አንድ ይወርድላታል። ይህ ቅድመ ሥልጠና ግን በሁሉም ቦታ የለም።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክቱ ሐኪሞች ነገሩ ሌላ ገጽታ አለው፤ እዚህ ላይ ቸኩዬ ማለፍ አልፈልግም። ለእናንተ የመጀመሪያው ወንፊት ቪዛ ነው። ጄ ዋን የሚባለው የሠልጣኞች ቪዛ ከሥልጠና በኋላ ለ2 ዓመት ወደ አገር መመለስን ያስገድዳል፤ ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚያደርጉት መንገዶች አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ባነሰበት አካባቢ መሥራትን ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ ግዛት በዓመት 30 ሐኪሞችን በዚህ መንገድ ማስቀረት ይችላል፤ ብዙ ግዛቶች ግን ለጠቅላላ ሐኪሞች ቅድሚያ ስለሚሰጡ የራዲዮሎጂስት ዕድል ከግዛት ግዛት ይለያያል። ጄ ዋን ያለው ሬዚደንት ከፕሮግራሙ ውጭ ተጨማሪ ሥራ ሠርቶ ገቢ ማግኘትም አይፈቀድለትም። ኤች ዋን ቢ ለሚባለው የሥራ ቪዛ ደግሞ የሐኪሞች የፈቃድ ፈተና ሦስተኛውን ክፍል፣ ስቴፕ 3ን፣ ቀድሞ ማለፍ ያስፈልጋል፤ በመስከረም 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ አዋጅም ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ሰዎች በሚቀርብ አዲስ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ክፍያ ጥሏል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ወይስ ማኅበረሰብ ከማለታችሁ በፊት ፕሮግራሙ የትኛውን ቪዛ እንደሚደግፍ በጽሑፍ ጠይቁ። የአሁኖቹን ሬዚደንቶች ስምና የተማሩበትን ትምህርት ቤት ድረ ገጹ ላይ ተመልከቱ። በውጭ አገር የተማረ አንድም ሰው ከሌለ፣ ትሕትና የተሞላበት የኢሜይል መልስ ያንን አይለውጠውም።

በኢትዮጵያ፣ ለምሳሌ በጥቁር አንበሳ፣ የራዲዮሎጂ ስፔሻሊቲውን ጨርሶ ለሄደ ሐኪም ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ መንገድ አለ። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ቦርድ በውጭ አገር የሠለጠኑ ራዲዮሎጂስቶች ሬዚደንሲውን ሳይደግሙ ለፈተና የሚቀርቡበት አማራጭ አዘጋጅቷል። ዕውቅና ያለው የራዲዮሎጂ ሬዚደንሲ ባለው ክፍል ውስጥ 4 ዓመት በፌሎውነት፣ በመምህርነት ወይም በሁለቱ ድብልቅ መሥራትን ይጠይቃል። ለዚህ ሰው ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ያስፈልገዋል፤ አንዱን ፌሎውሺፕ በሌላው ላይ እየደረበ 4 ዓመት ሊያስቀምጠው የሚችለው ብዙ ፌሎውሺፕ ያለው ቦታ ነውና። የግዛቱ የሥራ ፈቃድ ሕግ ግን ከቦርዱ የተለየ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ማጣራት ያስፈልጋል።

የሆስፒታሉ ኪስም ጉዳይ ነው። በ2019 የበጋ ወራት በፊላደልፊያ የነበረው የሃነማን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለኪሳራ አመልክቶ ሲዘጋ ከ550 በላይ ሬዚደንቶችና ፌሎዎች ሜዳ ላይ ቀርተው ሌላ ቦታ ፍለጋ ተበታትነዋል። ስሙ ውስጥ “ዩኒቨርሲቲ” ነበር፤ አላዳናቸውም። ሆስፒታሉ በቅርቡ ተሸጧል ወይ? የራዲዮሎጂ ቡድኑ ውል ተቀይሯል ወይ? በማኅበረሰብ ሆስፒታል ይህ ሁለተኛው ጥያቄ እጅግ ያስፈልጋል። ውሉ ለሌላ ኩባንያ ሲሰጥ አስተማሪዎቹ በአንድ ጊዜ ሊለወጡ ይችላሉና።

እነዚህን ሁሉ ማንን ትጠይቃለች? የፕሮግራሙ ኃላፊ የሚናገረው ፕሮግራሙ እንዲሆን የሚፈልገውን ነው። የመጀመሪያ ዓመቷ ሬዚደንት ገና አላየችውም፤ የመጨረሻ ዓመቱ ልቡ ወደ ሥራው ሄዷል። የራዲዮሎጂ 3ኛ ዓመቷ ግን ሌሊቱን ኖራበታለች፣ ፈተናውም ፊቷ ተደቅኗል። ለብቻዋ፣ ኃላፊ በሌለበት መነጋገር ያስፈልጋል። “ትናንት ስንት ምስል አነበብሽ? ስንቱን ከሲኒየሩ ጋር ተቀምጠሽ አየሽ? ሌሊት ያነበብሽው ጠዋት ሲለወጥ የሚነግርሽ አለ ወይስ ራስሽ ትፈልጊዋለሽ?” ቁጥር የያዘ መልስ ከሰጠች ጥሩ ነው። “እዚህ እንደ ቤተሰብ ነን” ብቻ ካለች እንደገና ጠይቁ።

ዝርዝሩን ስለማስቀመጥ አንድ የሚያረጋጋ ነገር አለ። አመልካቾችንና ፕሮግራሞችን የሚያዛምደው ስሌት ከ1998 ጀምሮ የአመልካቹን ምርጫ በሚያስቀድም መንገድ ይሠራል፤ ስሌቱን ያሻሻለው የኢኮኖሚክስ ባለሙያው አልቪን ሮዝ በዚህ ዘርፍ ሥራው በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ከሎይድ ሻፕሊ ጋር ተጋርቷል። በተግባር ትርጉሙ ይህ ነው፦ የምትወጂውን ቦታ አንደኛ ብታስቀምጪና እዚያ ባይቀበሉሽ ሁለተኛው ላይ ያለሽ ዕድል በዚህ ምክንያት አይቀንስም። ስለዚህ “እነሱ ይፈልጉኛል” በሚል ግምት የማትፈልጊውን ከላይ ማስቀመጥ ምንም ጥቅም የለውም፤ ዘመድ ያደንቀዋል ብሎ ማስቀመጥም እንዲሁ።

ከመግቢያው ላይ ያነሳኋት ልጅ ዝርዝሩ ከመዘጋቱ በፊት ገና ጥቂት ቀናት አሏት። እናቷ ለጠቆመችውም ልቧ ለቀረበትም ሆስፒታል የ3ኛ ዓመት ሬዚደንቶች ትደውልና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሚሆነው ትጠይቅ። ከዚያ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ የሰማችውን ትንገራት።